ሰይድ ፓሴጅ

ጫልቱ ደውላ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ቆሜ እንደሆነ ወይስ ተቀምጬ ነው። «ቆሜ ነዋ! ሥራ ላይ አይደለሁ እንዴ፤ ምን ሆነሻል?» አልኳት። ቡሬ ገበያ የዋለበት ቀን ስለነበር መድኃኒት ቤቱ ጢም ብሏል፤ ከባንኮኒው ማዶ አንዲት እናት የልጃቸውን ሽሮፕ ይዘው አሰጣጡን እንድነግራቸው ይጠብቃሉ። «ሰይድ ሞተ» አለችኝ። አገራችን ሁሩሙ ውስጥ ስንት ሰይድ አለ! «የትኛው ሰይድ?» ስላት ለቅሶው አመለጣት። «የእኛው ነዋ! ሰይድ ፓሴጅ! ከዛፍ ወድቆ... ማል ጎና መሲ? ምን እናድርግ?»

ቀፎ ሊያወርድ ወጥቶ ነው። በእኛ አገር ቀፎ ረጅም ዛፍ ጫፍ ላይ ነው የሚሰቀለው፤ ዝናብ ያራሰው ግንድ አዳልጦት ወደቀ አሉ። ስልኩን ዘጋሁና ለሴትየዋ «በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ» አልኳቸው። ከዚያ ጓዳ ገብቼ ካርቶን ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ሰይድ አስተማሪዬ ነበር ብል እውነትም ነው፣ ውሸትም ነው። አንድም ቀን አስተማሪ ተብሎ ክፍል ገብቶ አያውቅም። እኔና ጫልቱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሆነን፣ መቱ አንዲት ክፍል ተከራይተን ስንኖር፣ እሱ ከአጥራችን ወዲያ ያለ የቡና መጋዘን የቀን ዘበኛ ነበር። ዕድሜው ሃያ አራት ወይ ሃያ አምስት ቢሆን ነው። ዓርብ ዓርብ እኛ ስንቅ ለማምጣት ወደ ሁሩሙ ስንሄድ እሱም በዚያው ሚኒባስ ወደ አባቱ ይሄዳል፤ ሆኖም ሰላምታ እንኳ ተለዋውጠን አናውቅም ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የእንግሊዝኛ ፓሴጅ ይዘን፣ ሁለታችንም በአንድ ድምፅ፣ እንደ መዝሙር እያዜምን እናነባለን። እንዲያ ነበር የምናጠናው። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ሊደርስ የቀረው ጥቂት ወር ነው፤ የሁለታችንም ፍርሃት ደግሞ እንግሊዝኛ ነበር። ከአጥሩ ወዲያ አንድ ድምፅ፣ «እህቶቼ፣ የምትሉትን ነገር ታውቁታላችሁ?» አለን።

ጫልቱ ምላስ አላት። «አንተስ ታውቀዋለህ?» አለችው።

«እኔማ ሦስት ጊዜ ወድቄበታለሁ፤ በደንብ ነው የምንተዋወቀው» አለ።

እንዲህ ተጀመረ። ሦስት ጊዜ የወደቀ ሰው ሊያስተምረን! እየሳቅንበት ነው የሄድነው፤ አልዋሽም። እሱን ለማናደድ «ጋሼ ሰይድ» እንለው ጀመር፤ ገና ጎረምሳ ሆኖ ጋሼ ሲባል ያፍር ነበር። «ተዉኝ እባካችሁ፣ ሚስት እንኳ የለኝም» ይለናል። ከወር በኋላ ግን ጋሼ የምንለው ከልባችን ነበር፤ መቼ እንደተለወጠ አላውቅም።

ቀጭን፣ ረጅም፣ ጣቶቹ በገመድና በንብ ንድፊያ የሻከሩ ሰው ነበር። እርሳስ ከጆሮው ላይ አይጠፋም። እንግሊዝኛ ሲያነብ ሁልጊዜ ከተቀመጠበት ይነሳል። ለምን እንደሚነሳ ስንጠይቀው «እንግዳ አይደለም እንዴ? ለእንግዳ ይነሳል» አለን። እኛም መጋዘኑ በር ላይ፣ ባዶ ጆንያ ላይ ከተቀመጥንበት እየተነሳን ማንበብ ለመድን። ቡና ሊያስረክቡ የሚመጡ ሰዎች ሦስታችንንም እብድ እያሉ ያልፉ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከድሮ ፈተናዎች የተባዛውን ወረቀት ያመጣና ጥያቄዎቹን በመቀስ ቆርጦ ኪሱ ይከታቸዋል። ፓሴጁን ብቻ ይሰጠናል። አንብበን ስንጨርስ ወረቀቱን በሰፊ መዳፉ ይሸፍንና ችሎት ይከፍታል። «ይኼ ወረቀት ምስክር ነው፤ እናንተ ዳኞች ናችሁ። ዳኛ ሰፈር ውስጥ የሰማውን፣ በዓይኑ ያየውንም ቢሆን፣ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ አያነሳውም። ምስክሩ ባለው ነው የሚፈርደው። ምስክሩ ቢዋሽ የራሱ ጉዳይ ነው።» ከዚያ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ከኪሱ ያወጣል። መልስ ስንሰጥ ትክክል ነው ስህተት ነው አይልም፤ መዳፉን ያነሳና «መስመሩን አሳዩኝ» ይላል፤ መስመሩን ካላሳየን መልሱ ትክክል ቢሆንም አይቀበለንም።

አንድ ጊዜ ወደ ልጇ ሰርግ ስለምትሄድ አንዲት ሴት የሚያወራ ፓሴጅ ሰጠን። ሴትየዋ ለምን ዘገየች የሚል ጥያቄ መጣ። ጫልቱ ከአፉ ቀምታ «ዝናብ ይዟት!» አለች።

«መስመሩን አሳይ።»

«ጋሼ፣ ዝናቡማ ግልጽ ነው እኮ።»

«የቱ ጋ ነው ዝናቡ? ይቺ ሴትዮ የመቱ ሰው ናት እንዴ?»

ወረቀቱን ሦስቴ ፈለገች፤ ጠብታ የለም። አውቶቡስ ነው ያመለጣት። መቱ ውስጥ የዘገየ ሰው ሁሉ ዝናብ ይዞት ስለሆነ፣ ጫልቱ ሳይጻፍ አነበበችው። ያን ቀን ጋሼ ሰይድ እስኪያነባ ድረስ ሳቀ፤ ከዚያ በኋላ ከራሳችን የጨመርነውን መልስ ሁሉ «ዝናብ» ማለት ጀመረ። «መሲ፣ ዝናብሽ በዛ» ይለኛል፤ ይገባኛል።

የእኔ ችግር ግን ሌላ ነበር። መዝገበ ቃላቴን ካልያዝኩ አላነብም፤ አንድ ቃል ካላወቅኩ እዚያው ቆሜ እቀራለሁ። አንድ ቀን መዝገበ ቃላቱን ከእጄ ተቀበለኝና መጋዘኑ ውስጥ፣ የቡና ጆንያ መሃል ከትቶ ቆለፈበት። አንድ ወር ሙሉ! ለመንኩት፣ አለቀስኩ፣ ተሳደብኩ። «ቃል ስታሳድጂ ወሬው ያመልጥሻል። ጎረቤትሽ ስታወራሽ አንድ ቃል ባይገባሽ ቤትሽ ትገቢያለሽ? እስክትጨርስ ትሰሚያታለሽ እንጂ» አለኝ። በወሩ መጨረሻ ሲመልስልኝ መጽሐፉ ቡና ቡና ይሸታል፤ እኔም ያለሱ ማንበብ ችዬ ነበር። ዛሬ እንጀራ የምበላው በዚያ ወር ነው።

ታዲያ እንዲህ የሚያውቅ ሰው እንዴት ሦስት ጊዜ ይወድቃል? ጠየቅነው። መጀመሪያ ሒሳብ ጣለው። ሁለተኛ ጊዜ በፈተናው ቀን ወባ አንቀጠቀጠው። «ሦስተኛው ላይ ንብ ነደፈችኝ» አለን። ስለ ንብ የሚያወራ ፓሴጅ መጥቶ ነው። ጭስ ሲሸታቸው ንቦች እንቅልፍ ይወስዳቸዋል ይላል ወረቀቱ። ከልጅነቱ ጀምሮ ዛፍ ላይ ያደገ ሰው እንዴት ይቀበል! ንብ ጭስ ሲሸታት ወደ ማሯ ሮጣ ሆዷን ትሞላለች፤ ጠግባ ነው የማትናደፈው። ከምርጫዎቹም መሃል አንዱ እንዲያ ይላል። የእሱን ክብ አጠቆረ። የሚቀጥሉትንም በሚያውቀው መለሰ። «ይኼን የጻፈ ሰው ንብን በሥዕል ነው ያያት!» እያለ ለእኛ ሲያወራ እንኳ ደሙ ይፈላል። የምስክርና የዳኛ ነገር የመጣለት ከዚያ በኋላ ነው። ያን የንብ ፓሴጅ እኛንም አስነበበንና፣ እንቅልፍ የሚለውን ስንመርጥ፣ ጥርሱን ነክሶ «ትክክል» አለን።

ፈተናውን ለምን እንደሚፈልገው አንድ ዓርብ ሚኒባስ ስንጠብቅ ነገረኝ። አስተማሪ መሆን ነው የሚፈልገው፤ የእንግሊዝኛ አስተማሪ። ሌላ ምንም አይፈልግም። «ጠመኔ ይዤ እቆማለሁ፤ እንግዲህ አባቴ አንድ ቀን በመስኮት ያየኛል» አለኝ። አባቱ ጋሽ አራጋው ከወሎ በሰፈራ የመጡ ሰው ናቸው፤ ከሁሩሙ በእግር አንድ ሰዓት የሚያስኬድ የሰፋሪዎች መንደር ነው የሚኖሩት። ሲመጡ ሚስታቸውና ሁለት ልጆቻቸው አብረዋቸው ነበሩ። እናቲቱ ሰይድን አዝላ ነው የመጣችው፤ ገና ጡት አልጣለም። በመጀመሪያው ክረምት ወባ እናቱንም ታላቅ እህቱንም በአንድ ሳምንት ወሰደቻቸው። ጋሽ አራጋው ሌላ ሚስት አላገቡም። ያን የቀረላቸውን ልጅ በላም ወተት አሳድገው፣ ፊደል አስቆጥረው፣ በየዓመቱ ውጤት በወጣ ቁጥር በር ላይ ቆመው «እህ?» ይሉት ነበር። ሦስት ጊዜ «እህ?» ብለዋል። «አራተኛውን ግን አልችለውም መሲ» አለኝ። «ዘንድሮ ወይ እገባለሁ ወይ እተወዋለሁ።»

ዘንድሮ እንደሚገባ አልተጠራጠርንም። በልምምድ አንድም አይስትም ነበር።

ፈተናው መቱ ነው። በዚያ ዓመት የግል ተፈታኞችን ከእኛ ጋር ቀላቅለው ስላስቀመጡን ከእኔ ሦስት ረድፍ ቀድሞ ተቀመጠ፤ ጀርባው ይታየኛል። እንግሊዝኛ ተሰጠን። የመጀመሪያውን ፓሴጅ ጨረስኩ። ሁለተኛውን ማንበብ ጀመርኩ።

ከድርቅ አገር ተነስተው ለም መሬት ላይ ስለሰፈሩ ሰዎች ነው። አገሩ አልተጠቀሰም። ሲደርሱ ቤት ተሠርቶ፣ ውሃ ተቆፍሮ ጠበቃቸው ይላል። በመጀመሪያው ዓመት በሽታ የሚባል አልነካቸውም፣ ልጆቻቸው ወፈሩ፣ የመጡበትን አገር ባንድ ክረምት ረሱት ይላል። ከሥሩ ስድስት ጥያቄ አለ። ሰፋሪዎቹ የመጀመሪያውን ዓመት እንዴት አሳለፉት? ለምን ደስተኞች ሆኑ? የመጡበትን አገር ለምን አልናፈቁም? ሁሉም መልስ ወረቀቱ ላይ አለ። ከዚህ የቀለለ ፓሴጅ ሕይወቴን ሙሉ አላየሁም።

ቀና ብዬ የሰይድን ጀርባ አየሁት። እርሳሱን አስቀምጦ በመስኮት ወደ ውጭ ያያል። ደወል እስኪደወል እርሳስ ከእጃችሁ እንዳይወርድ ይለን የነበረው ሰው! እናቱም እህቱም ትዝ አሉኝ። ከዚያ ግን «ምስክሩ ባለው» አልኩና አንድ በአንድ አጠቆርኳቸው። ስድስቱንም።

ስንወጣ ግቢው በሳቅ ቀለጠ። ጫልቱ ስትዘል ነበር። እሱ ጥግ ይዞ ቆሟል። ሄጄ ክንዱን ያዝኩት። «ጋሼ፣ ሁለተኛውን... መለስከው አይደል?»

«ባዶ ተውኩት» አለኝ።

«ስድስቱንም? ጋሼ አብደሃል? አንተ አይደለህም እንዴ ያስተማርከን?»

«ንብማ ንብ ናት፤ ንብን ዋጥኳት» አለ። «ይኼን ግን በእጄ ላጠቁረው ብዬ እርሳሱን ሳነሳ አልሄድ አለኝ። አንዷን እንኳ ላጠቁር ብዬ ታገልኩ፤ በአላህ ታገልኩ። ከእናቴ መቃብር አጠገብ ነው በየሳምንቱ የማልፈው፤ ደስ ብሏት ነበር ብዬ እንዴት...» ከዚያ እጄን ጨብጦ አስማለኝ። «ለአባቴ እንዳትነግሪ። እንግሊዝኛው ከበደኝ ነው የምለው። በእናቴና በእህቴ ምክንያት ወደቀ ብሎ እንዲያዝን አልፈልግም።» ማልኩለት።

ውጤት ሲወጣ እኔም ጫልቱም አለፍን። እሱ በአራት ነጥብ ወደቀ። ስድስት ጥያቄ ነው ባዶ የተወው። ያን ቀን ሁሩሙ መንገድ ላይ አግኝቶኝ «እንኳን ደስ ያለሽ!» ብሎ ግንባሬን ሳመኝ፤ እኔ ዓይኑን ማየት አልቻልኩም። እንዳለውም ተወው፤ ዳግም አልተመዘገበም።

ማስተማሩን ግን አልተወም። መጋዘኑን ለቆ አባቱ ጋ ገባ፤ ንቡን ይዞ፣ ማሩን ቅዳሜ ቅዳሜ ሁሩሙ ገበያ እያወረደ፣ ከገበያ በኋላ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆችን ሰብስቦ፣ ጆንያ አንጥፎ ያስነብባል። ስሙን «ሰይድ ፓሴጅ» ያሉት እነሱ ናቸው። ከሩቁ ኖፓ ሳይቀር ይመጡለት ነበር። ስንት ሐኪም፣ ስንት መሐንዲስ ከዚያ ጆንያ ላይ ተነስቶ ሄደ! አንዳንዱ ደግሞ ከፊቱ እየተማረ ከኋላው «ራሱ አራቴ የወደቀ» እያለ ያማዋል። እሰማ ነበር። መሐላ አፌን ይዞኝ ዝም እላለሁ፤ ዝምታዬ ከመሐላው ይልቅ ከሐፍረት እንደነበር አሁን ነው የሚገባኝ።

እኔ ከዩኒቨርሲቲ ስመለስ «ምን ያስነብቧችኋል? አምጪልኝ» ይለኝ ነበር። አንድ ሁለቴ ወሰድኩለት፤ ከዚያ ረሳሁ። ረሳሁ ነው የምለው፤ እሱን ባየሁ ቁጥር እነዚያ ስድስት ክቦች እየመጡብኝ ስለምሸሽ ነው። ቡሬ ሥራ ከያዝኩ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ መጣ። የመድኃኒቱን ማብራሪያ ወረቀት ከእጄ ወስዶ፣ እዚያው ባንኮኒው ፊት ቆሞ አነበበውና «ለሰው ስታስረጂ ዝናብ እንዳትጨምሪበት» ብሎኝ ስቆ ሄደ። ሻይ እንኳ አልጋበዝኩትም። ይቆጨኛል፤ እስክሞት ይቆጨኛል።

በሦስተኛው ቀን ከጫልቱ ጋር ለቅሶ ደረስን። ከሁሩሙ ወዲያ ያለውን መንገድ በጭቃ ተጓዝነው። ድንኳኑ ሞልቶ ሰው ውጭ ተርፏል፤ አብዛኛው የእሱ ተማሪ ነው። ጋሽ አራጋው ሰሌን ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይዘዋል። አርጅተዋል። ጎንበስ ብዬ እጃቸውን ስስም «የመድኃኒት ቤቷ ልጅ» አሉኝ፤ አወቁኝ። አጠገባቸው አስቀመጡን።

«አላህ ጀነት ይወፍቀው አባባ» አልኳቸው።

«አሚን። አየሽ የሰዉን ብዛት? ይኼን ሁሉ አስተማረ» አሉ። ድንኳኑን ዞር ዞር ብለው አዩት። «የእኔን ልጅ ግን እንግሊዝኛው ከበደው። ይኼን ሁሉ ሰው አሻግሮ እሱን አቃተው። ቢችለው ኖሮ ዛፍ ላይ ምን ይሠራል? እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ መሃይም አሳድጎት፣ ጭንቅላቱን ከየት ያመጣዋል እላለሁ። ሌሊት ሌሊት እሱን ነው የማስበው።»

አልቻልኩም። መሐላዬን የምታውቀው ጫልቱ ልናገር እንደሆነ ገብቷት ጎኔን ቆነጠጠችኝ፤ አልሰማኋትም። «አባባ፣ አላቃተውም» አልኳቸው።

«እንዴት?»

ነገርኳቸው። ያጽናናቸዋል ብዬ ነው፤ እግዜር ያውቃል። ወረቀቱ ስለ ሰፋሪዎች እንደሚያወራ፣ የታመመም የሞተም የለም እንደሚል፣ ደስ ብሏቸው ኖሩ ተብሎ መመለስ እንደነበረበት፣ ሰይድ መልሱን አሳምሮ እያወቀ ስለ እናቱ ብሎ ባዶ እንደተወው፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። መቁጠሪያው እጃቸው ላይ ቆመ።

«ደስ ብሏቸው ነበር ቢል ያልፍ ነበር?»

«ያልፍ ነበር አባባ።»

«አስተማሪ ይሆን ነበር?»

«ይሆን ነበር።»

ሰው እየመጣ እጃቸውን ይዞ ያልፋል፤ እሳቸው አያዩም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ? ላንቺም ያው ወረቀት አይደል የመጣው? ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

ያን ጊዜ ምድር ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። «ደስ ብሏቸው ነበር ብዬ ጻፍኩ አባባ» አልኩ።

ጭንቅላቴን በእጃቸው ዳበሱኝ። «ደግ አደረግሽ ልጄ» አሉኝ። «እሱም ቢጽፈው ምን ነበረበት። እናቱ እንደሆነች አትሰማ። ማታውን ወደ ቤት መጥቶ ፈታኞቹ እንዲህ አሉ ቢለኝ፣ ቁጭ ብለን አብረን እንስቅባቸው ነበር።» መቁጠሪያውን ሰሌኑ ላይ አኖሩት። «ምነው ቀድሞ ቢጠይቀኝ። ጻፍላቸውና እለፍ እለው ነበር።»